የአያ ሰይድ ካባ እና የእኔ ባለሙያነት

ይህን ታሪክ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ከእኔ በስተቀር ሁሉም ሰው ያወራዋል። ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ በመስታወት ያየኝና ፈገግ ይላል። ፀጉሬን ልስተካከል ስቀመጥ ቆራጩ መቀሱን አቁሞ «ቲቸር፣ የጣሊያኑ ነገር እንዴት ሆነ?» ይለኛል። እንግዲህ ከመወራት ካልዳንኩ፣ ሌላው ጨማምሮ ከሚያወራው እኔው ሳልጨምር ልንገራችሁ። ላለመቀነሴ ግን አልምልም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ካርታ ሳስነብብ ኖሬያለሁ። ያስነበብኩት ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳ ደግሞ ሸጋ ነገር ነው፤ ተራራው አያደክም፣ ወንዙ አያረጥብ፣ ውሻ አያባርር። ሲሳሳቱ በዳስተር ድምጥማጡን ማጥፋት ነው። መሬት ላይ ወርጄ አንዲት ክንድ እንኳ ለክቼ አላውቅም ነበር። የጓሮዬን አጥር ያሳጠርኩት እንኳ ባለቤቴ በመቀነቷ ለክታ ነው።

ጎረቤቴ አያ ሰይድ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው። ስድሳን አልፈዋል፤ ትከሻቸው እንደ በር ሰፊ፣ አንደበታቸው ማር ነው። ወሎዬ ሲቆጣም ቃሉን አጣፍጦ ነው፣ አያ ሰይድ ግን ከሁላችንም ያልፋሉ። ድንጋይ ሲፈልጡ እንኳ «ነይ የኔ እናት፣ ነይ ተከፈቺልኝ፣ አታድክሚኝ» እያሉ ነው። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አምባሰል ወረዳ ውስጥ ካባ አላቸው። ካባ ስል ሙሽራ የሚደርበውን ማለቴ አይደለም፤ ድንጋይ የሚወጣበትን ነው። የማዕድን ፈቃዱን ያወጡት የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት ነው፤ ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት አራት ቦታ ሊቆረጥ ደርሷል።

ለውጡ የመጣ ሰሞን ደግሞ ከሳዑዲ የተመለሱ ሰባት ወጣቶች በማኅበር ተደራጁና ከአያ ሰይድ ካባ በስተደቡብ የራሳቸውን ፈቃድ አገኙ። ሊቀመንበራቸው ፋጡማ ትባላለች። ጂዳ ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የመጣች፣ ማርቴሎ ስታነሳ ወንዶቹ ወደ ኋላ የሚሉላት ልጅ ናት። አንድ ሌላ ነገርም ናት፤ የአያ ሰይድ የእህት ልጅ።

ችግር የሆነው በሁለቱ ካባዎች መሀል ያለው መሬት ነው። ወርዱ ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። መሀሉ ላይ ምንጭ አለች። ከምንጯ ወዲህና ወዲያ ያለው ድንጋይ ታዲያ እንዲህ ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም፤ ዲጂኖ ገባ ሲያደርጉበት እንደ ድፎ ዳቦ ቀጥ ብሎ ይከፈላል። አያ ሰይድ ድንጋዩን እየተከተሉ ወደ ደቡብ መጡ። ፋጡማ ድንጋዩን እየተከተለች ወደ ሰሜን መጣች። አንድ ቀን ምንጯ አጠገብ ተገናኙ።

«አጎቴ፣ ወሰን አልፈው መጥተዋል» አለች፣ እጃቸውን ስማ።

«አንቺ ነሽ ያለፍሽው የኔ አለም» አሉ፣ ግንባሯን ስመው።

እንዲህ እየተሳሳሙ ፍርድ ቤት ደረሱ።

እውነት እላችኋለሁ፣ እንዲህ ያለ ክስ አይቼ አላውቅም። በቀጠሮ ቀን ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሚኒባስ ነው ውጫሌ የሚሄዱት። ተከሳሿ ለከሳሹ የመስኮቱን ቦታ ትለቃለች፣ ምክንያቱም አያ ሰይድን መኪና ያዞራቸዋል። ዳኛው ፊት ሲቆሙ ግን አንዳቸውም አንዲት ክንድ አይለቁም። ጨዋታ አልነበረማ። ዳኛው ጉዳዩ እስኪለይ ብለው በመሀሉ መሬት ላይ እግድ ጥለዋል። የፋጡማ ማኅበር ለራሱ በተሰጠው ቦታ ቢቆፍር ቢቆፍር የሚፈረፈር ገል ብቻ ሆነበት፤ ከሰባቱ ሁለቱ ሥራ ፈትተው እንደገና ስለ ባሕሩ መንገድ ማውራት ጀምረዋል። አያ ሰይድም ቢሆኑ በሰሜን በኩል ያለውን ድንጋያቸውን ጨርሰው፣ የቀራቸው ያ መሬት ብቻ ነው።

በመጨረሻ ዳኛው «በቃል ክርክር ወሰን አይታወቅም፤ የባለሙያ ማስረጃ አቅርቡ» አሉ።

አያ ሰይድ አርብ ከጁምዓ እንደወጡ በቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጡ።

«ቲቸር፣ አንተ ካርታ አይደል የምታስተምረው?»

«ነው አያ ሰይድ።»

«እንግዲያው ባለሙያ ነህ።»

እዚህ ላይ «የለም፣ ባለሙያ ቀያሽ ነው፤ እኔ አስተማሪ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ እምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን «ባለሙያ» የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ደረቴ ትንሽ ወጣ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሳል አለች፤ እንዳልሰማ ሰው አለፍኩት።

«መቼ እንለካ?» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከዘመዴ የተዋስኩትን ቡትስ ተጫምቼ፣ ባርኔጣ ደፍቼ፣ አንገቴ ላይ ማንም ያልጠየቀኝን ፉጨት አንጠልጥዬ ካባው ደረስኩ። ፉጨቱን ለምን እንደያዝኩት እስከ ዛሬ አይገባኝም። መሣሪያዬ ስልኬ ነው፤ ቁጥር ሲያስገቡለት ቦታውን በካርታ የሚያሳይ ነገር ጭኜበታለሁ። ፋጡማና ጓደኞቿ፣ ምንጯ ላይ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች፣ ሁለት ከብት ጠባቂ ሽማግሌዎች ከበው ቆሙ። እኔም የአያ ሰይድን ፈቃድ ዘርግቼ የመጀመሪያዋን የወሰን ነጥብ ኬክሮስና ኬንትሮስ አስገባሁ።

ስልኩ አሰበ። አሰበ። ከዚያ ሰማያዊ ነገር አሳየ።

«ይህ ሰማያዊው ምንድን ነው?» አሉ አያ ሰይድ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው።

«ባሕር።»

«አርዲቦ ነው?»

የጎረቤታችን ሐይቅ አርዲቦ አልነበረም። ሳሳንሰው፣ ሳሳንሰው፣ ሳሳንሰው፣ ዳር ላይ አንድ ቡትስ የሚመስል አገር ብቅ አለ። የአያ ሰይድ ካባ ጣሊያን አጠገብ ባሕር ውስጥ ወድቋል። ኬክሮስን በኬንትሮስ ቦታ፣ ኬንትሮስን በኬክሮስ ቦታ አስገብቼ ኖሯል። ተማሪ ይህን ሲሳሳት በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ የማሰምርበት ስህተት ነው።

ፋጡማ ከኋላዬ አንገቷን አስግጋ ስልኩን አየችና «አጎቴ፣ ፓስፖርት አለዎት?» አለች።

ውኃ ቀጂዎቹ እንስራቸውን አስቀምጠው ሳቁ። አያ ሰይድ ራሳቸው ሳቁ። ያን ቀን ማታ ታሪኩ ሐይቅ ከእኔ ቀድሞ ገባ።

ቁጥሩን አስተካክዬ እንደገና ለካሁ። አሁን ነጥቦቹ አምባሰል ገቡ። ያ ብቻ አይደለም፣ የአያ ሰይድ ወሰን ያንን የመሀሉን መሬት ጠቅልሎ የፋጡማ ወሰን ላይ ልክ ገጠመ። የሁለቱ መስመር አንድ ላይ ሲገጥም እንዳየሁ ልቤ ሞላ። እንዲህ የሚገጥም ነገር ስህተት ሊሆን አይችልም አልኩ። ፋጡማ ማርቴሎዋን ተሸክማ ቁልቁል ወረደች። ደስታዬ ትንሽ ጎመዘዘኝ፣ እውነቱን ለመናገር።

አንድ ነገር ብቻ ነበረች። የአያ ሰይድ ፈቃድ ላይ ከቁጥሩ ሥር «በደቡብ በኩል ወሰኑ ከምንጩ በላይ ያልፋል» የሚል ጽሑፍ አለ። በእኔ ልክ ደግሞ ምንጯ ወሰኑ ውስጥ ገብታለች። አሰብኩበት። ምንጭ ቦታ ይቀይራል ብዬ አለፍኩት። ጂኦግራፊ መምህሩ ነኝ ይህን ያልኩት።

ከዚያ ሰባት ገጽ ሪፖርት ጻፍኩ። በአራት ዓይነት ቀለም ቀባሁት። የመጨረሻው ገጽ ላይ «የባለሙያው ስም እና ፊርማ» ብዬ ስፈርም ፊርማዬ ራሱ ከወትሮው ተለቀ። አንዱን ቅጂ ፍርድ ቤት አስገባን፤ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ። ምስክርነቴን እንድሰጥ ቀጠሮ ተያዘ።

ቀጠሮው ሳይደርስ ጦርነቱ ደረሰ።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አላወራም፤ ያየው ያውቀዋል። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ መንገዱ በሰው ሞላ። እኛ ካባው አቅራቢያ ወዳሉ የአያ ሰይድ ዘመዶች፣ ወደ ገጠር ወጣን። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከወዲያኛው ኮረብታ ከባድ መሣሪያ መተኮስ ሲጀምር፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚገባበት አጥቶ ሮጦ የገባው አጎትና የእህት ልጅ ከእግዱ በፊት ምንጯ አጠገብ የቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው። አርባ ሰው እንሆናለን። አራስ አለች፣ ሽማግሌ አለ፣ የማን እንደሆነች ያልታወቀች አንዲት ፍየልም ነበረች።

መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ራሱን በክንዱ ሸፈነ። አያ ሰይድ የቤቱ ጌታ ስለሆኑ ዝም ማለት አልሆነላቸውም። ተነስተው «አብሽሩ ጀማው! ቤታችሁ ነው፤ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የእኔ ካባ ሰፊ ነው» አሉ።

ከወዲያ ጥግ ፋጡማ ለሕፃናት ቆሎ እያደለች ቀና አለች። «አጎቴ፣ እርስዎም ይቀመጡ፤ እንግዳዬ ነዎት። በራሴ ካባ እንግዳ የምቀበለው እኔ ነኝ።»

«ወላሂ አትቀበይም! እኔ እያለሁ?»

«እግድ አለበት!» አለ አንዱ ከመሀል። «ሁለታችሁም መግባት አትችሉም!»

መጀመሪያ የሳቀችው አራሷ ናት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ። ከዚያ አርባችንም። ውጭ ሰማይ እየተቀደደ እኛ ጉድጓድ ውስጥ እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። አንዳንዱ እንባ ግን የሳቅ አልነበረም፤ ማንም ማንንም አልጠየቀም።

እኔ ሞኙ ደግሞ እውነት የተጠየቅኩ መስሎኝ ከሸሚዜ ሥር ሪፖርቱን መዘዝኩ። «ይህ እንኳ በማስረጃ የተረጋገጠ…»

ባለቤቴ አየችው። ሰባቱን ገጽ አንድ በአንድ አየችው። «ያ ጀሊል! ብርድ ልብሱን ረስቻለሁ ያልከኝ ይህን ይዘህ ነው?» አለችና ከእጄ ነጥቃ አጥፋ አራሷ ልጇን ያስተኛችበት ነጠላ ሥር ከተተችው። ሕፃኑ ሦስት ቀን ተኛበት።

አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ ጉድጓድ አርባችንም በሕይወት ወጣን። ፍየሏም ባለቤት አገኘች።

ሰላም ሲሆን ውጫሌ ያለው ፍርድ ቤት ተከፈተ። መስኮቱ ረግፏል፣ መዝገቦቹ የሉም። ዳኛው ባለጉዳዮቹን ጠርተው ማንኛውም ሰው በእጁ ያለውን ቅጂ እንዲያመጣ አዘዙ። ከዚያ ሁሉ የክስ ጽሑፍ፣ መልስና ትእዛዝ ውስጥ ከጦርነቱ የተረፈው ከሁለቱ ፈቃዶች ሌላ የእኔ ሪፖርት ብቻ ነበር።

ዳኛው በሁለት ጣታቸው ይዘው ገለጡት። «ገጽ ሦስት ላይ ያለው ይህ ቢጫ ምንድን ነው? ምልክት ነው?»

«ሕፃን ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ገጹን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ጉዳዩ እንደ አዲስ ስለሆነ ገለልተኛ ባለሙያ ከደሴ እንዲመጣ አዘዙ፤ ሁለታችን በአንድ ቀን እንድንመሰክር።

በቀጠሮው ቀን ከረባት አሥሬ ገባሁ። የደሴዋ ባለሙያ ቀድማ ተቀምጣለች፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች፣ ጭኗ ላይ ቀጭን ክላሰር ይዛለች። ስታየኝ ብድግ ብላ ቆመች።

«ቲቸር! እንዴት ነዎት?»

ሰዓዳ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ያስተማርኳት ሰዓዳ። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስለ ካርታ ሳስተምር እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ይህ ሁሉ ቁጥር ሲለካ መነሻው ከየት ነው?» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ መልሱን ስለማላውቀው «ፈተና ላይ አይመጣም፣ ተቀመጪ» አልኳት።

አሁን መጣ።

እኔ በመጀመሪያ መሰከርኩ። ድምፄን አወፈርኩ፣ ቁጥሮቼን አነበነብኩ፣ ሁለቱ መስመሮች እንዴት እንደሚገጥሙ በእጄ አሳየሁ። ዳኛው አዳመጡኝና «የፈቃዱ ጽሑፍ ወሰኑ ከምንጩ በላይ ያልፋል ይላል። በእርስዎ ልክ ምንጩ ውስጥ ነው። ለምን?» አሉ።

ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ጀመርኩ። ስለ ስምጥ ሸለቆ ቀጠልኩ። የዝናብ ስርጭት ላይ ስደርስ ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«መምህር፣ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

አያ ሰይድ በተስፋ ያዩኛል። ሰዓዳ መሬት መሬቱን ታያለች፤ ልታሳፍረኝ አልፈለገችም፣ ያ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀላል ነበር። ከረባቱ እንኳ የላላ መሰለኝ።

ሰዓዳ ተነሳች። «መምህሬ ያስገቡት ቁጥር አልተሳሳተም» አለች፤ ፊቷን ወደ ዳኛው አድርጋ። «የተለየው መነሻው ነው። አንድ ሰው ‹ከበሩ ሃያ እርምጃ› ቢለን፣ የትኛው በር እንደሆነ ካላወቅን ሃያውን በትክክል ቆጥረንም ሌላ ቦታ እንደርሳለን። የአቶ ሰይድ ፈቃድ የተለካው አገራችን ድሮ በምትጠቀምበት መነሻ ነው። ስልክ ደግሞ የሚያነበው በአዲሱ ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። በሁለቱ መካከል እኛ አካባቢ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ልዩነት አለ። በድሮው ስንለካ የአቶ ሰይድ ወሰን ወደ ሰሜን ይመለሳል፣ ምንጩም ጽሑፉ እንደሚለው ውጭ ይሆናል።»

አያ ሰይድ ከንፈራቸውን ነከሱ። የፋጡማ ማኅበር ልጆች ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ።

«ስለዚህ መሬቱ የማኅበሩ ነው» አሉ ዳኛው።

ፋጡማ ለእልልታ አየር ሳበች።

«አይደለም» አለች ሰዓዳ።

እልልታው ወደ ውስጥ ተመለሰ።

«የማኅበሩ ፈቃድ ሲሰጥ ቦታውን የለካው ባለሙያም እንደ መምህሬ የአቶ ሰይድን የድሮ ቁጥር በአዲሱ መሣሪያ ነው ያነበበው። የአቶ ሰይድ ወሰን እዚህ ያልቃል ብሎ ካሰበበት ነው ማኅበሩን ያስጀመረው። የመሀሉ መሬት ማንም ፈቃድ ውስጥ የለም።»

የሁለቱ መስመር ለምን እንደዚያ አምሮ እንደገጠመ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ከሠራ ይገጥማል። ኃፍረቴ መሀል፣ ሌላም የተሳሳተ ባለሙያ መኖሩን ሰምቼ ደስ መሰኘቴን አልደብቃችሁም።

ዳኛው መዝገቡን ዘጉ። ከሳሽም ተከሳሽም ፈቃድ ሳይኖራቸው ያን መሬት እንዳይነኩ አዘው አሰናበቱን።

ውጭ ግቢው ውስጥ አጎትና የእህት ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ በሰው ድንጋይ ተጣላን» አሉ አያ ሰይድ።

«አልተጣላንም አጎቴ። ተካሰስን እንጂ።»

እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አደረጉ። ይህን እያየሁ ልቤ ሊንሰፈሰፍ ሲል፣ ችሎቱን ሲከታተል የነበረ አንድ ወፍራም ሰውዬ በሩጫ ከግቢው ወጣ። ሦስታችንም ተያየን። መሬቱ ባለቤት የለውም፤ ይህን አሁን ውጫሌ የሰማ ሁሉ ያውቃል።

«ፈቃዱን ሊቀድመን ነው!» አለች ፋጡማ።

አንዲት ባጃጅ ውስጥ እንዴት እንደገባን አትጠይቁኝ። የአያ ሰይድ ትከሻ ብቻ ለሁለት ሰው ይበቃል። እኔ ከረባቴ በባጃጁ ሸራ ተይዞ አንገቴን ወደ ውጭ አስግጌ ነው የሄድኩት። በወፍራሙ ሰውዬ አጠገብ ስናልፍ ሚኒባስ ለመሳፈር ሲጋፋ አየነው፤ ምስኪን፣ መኪና እንዳያመልጠው ነበር የሮጠው። እኛ ግን ሹፌሩን «ንዳው!» እንዳልን የማዕድን ቢሮው ደጃፍ ደረስን።

ቢሮው ውስጥ ወንበር የተረፈ የለም፤ ጸሐፊዋ በተጠረበ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። «አመልካች ማን ልበል?» አለች።

ፋጡማ አጎቷን አየች። አያ ሰይድ ፋጡማን አዩ። እዚህም ክስ ሊጀመር ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

«አንቺ ተጻፊ የኔ አለም» አሏት አያ ሰይድ። «ልጆቹ ይቀመጡ። ባሕር ውስጥ ከሚገቡ ጉድጓድ ውስጥ ይግቡ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ በሰሜኑ ትንሽ ትንሽ እለቃቅማለሁ።»

ፋጡማ ወደ ጸሐፊዋ ዞረች። «ስምንት ነን። ስምንተኛው ሰይድ በይ።»

ጸሐፊዋ አያ ሰይድን ከሽበታቸው እስከ ጫማቸው አየቻቸው። «የወጣቶች ማኅበር አይደል?»

«ድንጋይ ሲያነሱ አላየሽማ!» አለች ፋጡማ። በኋላ በጋራ ሽርክና ተባለና መንገድ ተገኘለት፤ ቅጹ ግን ያን ዕለት ስምንት ስም ይዞ ነው የወጣው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሰዓዳ አዲሱን ወሰን ልትለካ ከደሴ መጣች። ባለ ሦስት እግር መሣሪያዋን ተክላ ወዲያና ወዲህ አየች። ዘንጉን የሚይዝላት ሰው ስትፈልግ ሁሉም ዲጂኖና ችካል ይዞ ስለነበር እጄን አወጣሁ። ወዲያ ማዶ ድንጋዩ ላይ ቆምኩ።

«ቲቸር፣ ወደ ቀኝ!» አለች ከሩቅ።

ወደ ቀኝ ሄድኩ።

«በእኔ ቀኝ፣ ቲቸር!»

ወደ ግራ ሄድኩ፤ በዛ። ተመለስኩ፤ አነሰ። የፋጡማ ማኅበር ልጆች በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጡ። አያ ሰይድ «አብሽር፣ አብሽር» ይሉኛል። በመጨረሻ ሰዓዳ መሣሪያዋን ትታ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለች እስከ እኔ ድረስ መጣች። አልተቆጣችም። ትከሻዬን በሁለት እጇ ያዘች፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን አንቀሳቀሰችኝ፣ ዘንጉን ቀጥ አደረገችልኝ።

«እዚህ ጋ ነው የሚቆሙት» አለች።

ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች። አንዲት ዝንብ አፍንጫዬ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ሰዓዳ ለክታ እስክትጨርስ ድረስ ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አላልኩም።